የልጅቱ ጀርባ የማን ነው?

(ዕድሜው ስላጠረ አንድ የቴሌቪዥን ተውኔት የቀረበ ጥናት)

በስፖርት ሜዳ የምናየው ፍሬውን ብቻ ነው። ሜዳሊያው በአንገት ላይ ሲንጠለጠል፣ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል፣ መዝሙሩ ሲዘመር እናያለን፤ እናጨበጭባለን፤ ወደየቤታችንም እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ግን የሚያይ የለም። ልጅቱ ጎሕ ሳይቀድ የተነሣችበትን ሌሊት፣ እናትዋ ከቀለብ ቀንሳ የከፈለችውን የሥልጠና ገንዘብ፣ ሐኪሙ «ዕረፊ» ሲል አሠልጣኙ «ቀጥዪ» ያለበትን ቀን የሚመዘግብ ዳኛ በሜዳው ላይ አይገኝም። ተውኔት ለኅብረተሰብ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ እንግዲህ ይህን ከመጋረጃ በስተጀርባ የተደበቀውን ነገር አውጥቶ ማሳየቱ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የማቀርበው ጥናት በአሜሪካ አገር ተሠርቶ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ስላበቃ «ሜክ ኢት ኦር ብሬክ ኢት» ስለተባለ ተከታታይ ተውኔት ነው። ርእሱን በቋንቋችን «ወይ ማለፍ ወይ መሰበር» ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። ነገሩ በጂምናስቲክ ሥልጠና ላይ ስላሉ ልጃገረዶች ስለ ሆነ፣ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ለኮረዶች መዝናኛ የተዘጋጀ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ተውኔቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንዲት ከባድ ጥያቄ ይዞ ይጓዛል። ጥያቄይቱም፦ በሥልጠና ላይ ባለች ልጅ አካል ላይ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው? የልጅቱ ነው? የወላጆቿ ነው? የአሠልጣኙ ነው? ወይስ ገንዘቡን የሚከፍለውና ሜዳሊያውን የሚጠብቀው ወገን ነው? የምትል ናት። ተውኔቱ ለዚህች ጥያቄ ሙሉ መልስ አልሰጠም። መልሱ የመጣው ተውኔቱ ካበቃ በኋላ፣ ከፍርድ ቤት አዳራሽ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

፩. ተውኔቱ በአጭሩ

«ሜክ ኢት ኦር ብሬክ ኢት» ኤቢሲ ፋሚሊ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው ጁን 22 ቀን 2009 ነው። ተውኔቱን ያመነጨችው ሆሊ ሶረንሰን ናት። በሦስት ምዕራፍ ተከፍሎ 48 ክፍሎች ከታዩ በኋላ ሜይ 14 ቀን 2012 ተፈጸመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሃያ ሃያ ክፍል ሲኖራቸው የመጨረሻው በ8 ክፍል ብቻ ተጠቃለለ።

የታሪኩ ቦታ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ቦልደር በተባለችው ከተማ የሚገኝ ማሠልጠኛ ነው። ልጆቹ «ዘ ሮክ» ማለትም «ዐለቱ» እያሉ ይጠሩታል። በዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ አራት ልጃገረዶች ይገኛሉ። ፔይሰን ኪለር ቍርጠኛና ትጉህ ስትሆን ከኦሎምፒክ በቀር ሌላ ሐሳብ የላትም። ኬይሊ ክሩዝ አባቷ የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች፣ እናቷ የቀድሞ ዘፋኝ ስለ ሆኑ ዝና በቤቷ ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጦ ያደገች ናት። ሎረን ታነር የባለጸጋ ልጅ ናት፤ የአባቷም ገንዘብ በማሠልጠኛው አስተዳደር ውስጥ ይናገራል። አራተኛይቱ ኤሚሊ ክሜትኮ ናት። እርሷ በነጻ የትምህርት ዕድል ከድኻ ቤት የመጣች፣ እንደ ሌሎቹ በታወቀ ማሠልጠኛ ያላደገች፣ ነገር ግን ተፈጥሮ ያደላት ልጅ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው እርሷ በዐለቱ በር በገባችበት ቀን ነው። እንደምንጠብቀውም ሦስቱ በደስታ አልተቀበሏትም፤ ለብሔራዊው ቡድን የሚመረጡት ጥቂቶች ሲሆኑ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች ማለት አንዲት ነባር ልጅ ትወጣለች ማለት ነውና።

፪. ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረጃ

የሴቶች ጂምናስቲክ አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከሩጫ ተነሥቶ በመዝለያው ላይ በእጅ ተመርኵዞ በአየር ላይ መገለባበጥ ነው። ሁለተኛው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ባሉ ሁለት ዘንጎች ላይ መወንጨፍ ነው። ሦስተኛው ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ25፣ ስፋቱ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ አግዳሚ ላይ መዝለልና መገልበጥ ነው። አራተኛው በሙዚቃ በምንጣፍ ላይ የሚሠራው ነው። የአግዳሚውን ስፋት ለመረዳት አንባቢ መዳፉን ይመልከት፤ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ልጅቱ በዚህ ላይ ወደ ኋላ ተገልብጣ በእግሯ ትቆማለች።

በዚህ ስፖርት ውስጥ የልጅነት ነገር ከሌሎቹ ስፖርቶች ይልቅ ከባድ ጥያቄ የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ትንሽና ቀላል ገላ በአየር ላይ ፈጥኖ ይዞራል። ሁለተኛው የሰው ልማድ ነው፤ ልጅ ለትእዛዝ ይገዛል፣ «ለምን?» ብሎም አይጠይቅም። ሩማንያዊቷ ናድያ ኮማነቺ በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ፍጹም ዐሥር ነጥብ ባገኘች ጊዜ ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበረ። ዓለም ተደነቀ፤ አሠልጣኞችም ከዚያ ትምህርት ቀሰሙ፤ የቀሰሙትም ትምህርት «ትንንሾቹን ፈልጉ» የሚል ሆነ። ከ1997 ጀምሮ ግን በታላላቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ለመካፈል አንዲት ልጅ በዚያው ዓመት 16 ዓመት የሚሞላት መሆን አለባት የሚል ደንብ ጸንቷል።

ልጅነት የግድ አስፈላጊ ነው የሚለው ሐሳብ ግን እውነት እንዳልሆነ ታሪክ አሳይቷል። ኦክሳና ቹሶቪቲና ከ1992 እስከ 2021 በተደረጉት ስምንት ኦሎምፒኮች ተካፍላለች፤ በመጨረሻው ጊዜ ዕድሜዋ 46 ዓመት ነበረ። ሲሞን ባይልስም በ2024 በፓሪስ በአራቱም ዓይነት ድምር አንደኛ ስትወጣ 27 ዓመቷ ነበረ። እንግዲህ ከልጅነት ይፈለግ የነበረው የገላ ትንሽነት ብቻ ሳይሆን የአፍ ዝምታም ጭምር ነበረ ማለት ነው። ተውኔቱን ስንመረምር ይህን ነገር በልባችን እንያዝ።

፫. ተውኔቱ የሚያነሣቸው አራት ጥያቄዎች

ሀ) የሚከፍለው ማን ነው?

ኤሚሊ አባት በሌለበት ቤት የምታድግ ናት። እናትዋ ክሎዊ ጠጕር እየሠራች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ወንድሟ ብራየን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ነው። ኤሚሊ ቀን ትሠለጥናለች፤ ከሥልጠና ስትወጣ ደግሞ በአንድ ፒዛ ቤት ትሠራለች። ሌሎቹ ልጆች ከሥልጠና በኋላ ወደ ዕረፍትና ወደ ማሻሻ ሲሄዱ እርሷ ሽርጥ ታስራለች። በአግዳሚው ላይ የሁሉም ሚዛን አንድ ነው፤ ወደ አግዳሚው የሚወስደው መንገድ ግን አንድ አይደለም።

በሌላ በኩል የሎረን አባት አለ። ይህ ሰው ለማሠልጠኛው ገንዘብ ስለሚያፈስስ አሠልጣኝ ሲቀጠርና ሲሰናበት ድምፁ ይሰማል። የቀድሞው አሠልጣኝ ማርቲ ወደ ተፎካካሪው የዴንቨር ማሠልጠኛ በሄደ ጊዜ ወላጆቹ ተሰብስበው ሳሻ ቤሎቭ የተባለውን የቀድሞ የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያ አመጡ። ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ወላጅ ገንዘብ ከፋይ በሆነ ጊዜ አሠልጣኙ ለልጅቱ ሳይሆን ለከፋዩ ተጠሪ ይሆናል። ወላጁም ቢሆን ብዙ ዓመት ከከፈለ በኋላ «ልጄ ደክሟታል» የሚለው ቃል በአፉ ላይ ይከብድበታል፤ እንዲህ ማለት ገንዘቡን ከነተስፋው መጣል ነውና።

ለ) ሕመሙን የሚለካው ማን ነው?

ፔይሰን ጀርባዋን ታምማለች። ሕመሙን ብታሳውቅ ከብሔራዊው ውድድር ትቀራለች፤ ብትደብቅ ትወዳደራለች። ደበቀች። በውድድሩም ቀን ከዘንጎቹ ላይ ወድቃ ጀርባዋ ተሰበረ። በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ኀይል ያለው ቦታ ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱም ፔይሰንን ማንም በጅራፍ አላስገደዳትም። እርሷ ራሷ ነበረች የፈቀደችው። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «የታገሠ ያሸንፋል» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ትዕግሥትን ከጤና በላይ እንድትወድድ የተቀረጸች ልጅ፣ በፈቃዷ ነው ያደረገችው ብንል ፈቃዷን የሠራው ማን እንደ ሆነ ረስተናል።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሶቪየት ኅብረቷ ዬሌና ሙኪና በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። እግሯ ተሰብሮ በደንብ ሳይጠገን ወደ ሥልጠና ተመለሰች። በ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እጅግ አደገኛ የሆነ የመገለባበጥ ዓይነት በሚንስክ ስትለማመድ በአገጯ ወድቃ አንገቷ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት እስከ 2006 ድረስ ሰውነቷ እንደ ሰለለ ቀረ። ዘግይታ እንደ ተናገረችው፣ በወደቀች ጊዜ መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው ሐሳብ ከእንግዲህ ወደ ኦሎምፒክ ባለመሄዷ እግዚአብሔርን ማመስገን ነበረ። አንዲት ወጣት አንገቷ ተሰብሮ ዕረፍት ያገኘች ከመሰላት፣ ከመሰበሯ በፊት ምን ያህል ሸክም እንደ ነበረባት ማሰብ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ ኬሪ ስትራግ በመጀመሪያው ዝላይ ቍርጭምጭሚቷ ተጎዳ። ሁለተኛውን በተጎዳው እግሯ ሮጣ ዘለለች፤ በአንድ እግሯ ቆመች፤ ወደቀች፤ አሠልጣኟም ተሸክሞ ወደ መሸለሚያው አቀረባት። ሥዕሉ በዓለም ሁሉ የጀግንነት ምልክት ሆነ። ነገር ግን ነጥቡ ሲደመር፣ ሁለተኛው ዝላይ ባይኖርም ቡድኑ ወርቁን ያገኝ እንደ ነበረ ታወቀ። በጊዜው ይህን ቈጥሮ «ተዪው፣ በቃሽ» ያላት ሰው አልነበረም።

ሐ) በማዕዱ ላይ የሚፈርደው ማን ነው?

ኬይሊ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነች። ሻምፒዮንነቱም ከጭንቀት አላዳናትም፤ እንዲያውም ጨመረባት። በሁለተኛው ምዕራፍ ምግብ መተው ትጀምራለች። በፊት ጥቂት ትቀንሳለች፤ ከዚያ ትደብቃለች፤ ከዚያ ትዋሻለች፤ በመጨረሻም ሕክምና ወደሚሰጥበት ቤት ትገባለች። የዚህን በሽታ አካሄድ ተውኔቱ ደኅና አድርጎ አሳይቷል። በተለይ የሚያስደንቀው ኬይሊ እየከሳች በሄደች ጊዜ ከዙሪያዋ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ያመሰገኗት መሆናቸው ነው። በሽታው በጉብዝና ልብስ ተሸፍኖ ይገባል።

በሕይወት የሆነውን ማወቅ ለሚፈልግ የክሪስቲ ሄንሪክን ታሪክ ያስታውስ። ይህች ልጅ በ1989 በዓለም ሻምፒዮና ለአሜሪካ የተወዳደረች ነበረች። አንድ ዳኛ ክብደት እንድትቀንስ ነግሯት እንደ ነበር በሰፊው ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በያዛት ምግብ የመተው በሽታ ምክንያት በ1994 በ22 ዓመቷ ሞተች። አንድ ዳኛ በአንድ ቀን የተናገረው ቃል ብቻውን ሰው አይገድል ይሆናል። ነገር ግን በየቀኑ ሚዛን ላይ በምትወጣ ልጅ ጆሮ ሲገባ ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መ) ስትናገር የሚሰማት ማን ነው?

ተውኔቱ ወደዚህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቀርቧል። የመጀመሪያው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ፔይሰን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተሽሏት ወደ ሥልጠና ተመለሰች፤ ስሜቷን መቈጣጠር ቢሳናት አሠልጣኟን ሳሻን ሳመችው። ድርጊቱ በቪዲዮ ተቀርጾ ስለ ነበረ ወሬው ወጣ፤ ነገሩም ለምርመራ ቀረበ፤ በመጨረሻም ሳሻ ማሠልጠኛውን ለቅቆ ሄደ። እዚህ ላይ ተውኔቱ ጀማሪዋ ልጅቱ፣ የተጎዳው አሠልጣኙ እንደ ሆነ አድርጎ ነው የሚያሳየን። ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ አዘውትሮ የሚሆነው ግን እርሱ አይደለም።

ሁለተኛው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ልጆቹ ለለንደን ኦሎምፒክ ለመመረጥ ወደ ብሔራዊው ማሠልጠኛ ሲሄዱ ጆርዳን ራንዳል የምትባል አዲስ ተወዳዳሪ ያገኛሉ። ኀይለኛ፣ ተንኰለኛ፣ ማንንም የማታምን ልጅ ናት። ቈይቶ ግን የክፋቷ ምንጭ ይገለጣል፤ ቀድሞ ያሠለጥናት የነበረው ሰው በልጅነቷ ገላዋን ደፍሮ በደል ፈጽሞባታል። ይህን ለማንም ሳትናገር ኖራለች። የተናገረችውም ለአስተዳዳሪ ወይም ለሐኪም ሳይሆን እንደ እርሷ ላለች ልጅ ነው። ተውኔቱ ይህን ያሳየው በ2012 መሆኑን ልብ በሉልኝ።

፬. መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ

የመጨረሻው ክፍል የሚያበቃው ለለንደን የሚሄዱት ልጆች ስም ሲጠራ ነው። ደስታ፣ እንባ፣ መተቃቀፍ፤ ከዚያም ፍጻሜ። ውድድሩን ተውኔቱ አላሳየም። እውነተኛው ውድድር የተደረገው ከዐሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነው። ጁላይ 31 ቀን 2012 ጋቢ ዳግላስ፣ አሊ ሬይዝማን፣ ማካይላ ማሮኒ፣ ጆርዲን ዊበርና ካይላ ሮስ የተባሉ አምስት ወጣቶች በለንደን ለአሜሪካ የቡድን ወርቅ አገኙ። ዓለም አጨበጨበላቸው። እነዚህ አምስቱ ሁሉ ከዓመታት በኋላ፣ አንዱ ከሌላይቱ ቀጥላ፣ የብሔራዊው ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በሕክምና ስም ገላቸውን ይደፍር እንደ ነበረ ተናግረዋል።

ነገሩ የወጣው እንዲህ ነው። በ2016 ኢንዲያናፖሊስ ስታር የተባለው ጋዜጣ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽኑ በአሠልጣኞች ላይ የቀረቡለትን አቤቱታዎች እንዴት አድርጎ እንደ ያዘ የሚመረምር ጽሑፍ አወጣ። ይህን ያነበበች ሬቸል ዴንሆላንደር የተባለች የቀድሞ ጂምናስት፣ በኋላም የሕግ ትምህርት የተማረች ሴት፣ ለጋዜጣው ጻፈች፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ስሟን ሳትደብቅ ናሳርን በአደባባይ ከሰሰችው። ከእርሷ በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። በጃንዋሪ 2018 በሚሺጋን ፍርድ ቤት ከመቶ ሃምሳ በላይ ሴቶች እየቆሙ የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ንግግሩ ብቻ ሰባት ቀን ፈጀ። ዳኛዋም ከ40 እስከ 175 ዓመት የሚደርስ እስራት ፈረደችበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ልጆቹ ቀድመው ተናግረው የነበሩ መሆናቸው ነው። በ1997 ለአዋቂዎች እንደ ተናገሩ የመሰከሩ አሉ። በ2015 አቤቱታው እስከ ፌዴራል የምርመራ መሥሪያ ቤት ድረስ ደርሶ ነበር። በ2021 የወጣው የመንግሥቱ የራሱ ቍጥጥር ሪፖርት እንዳስረዳው፣ መርማሪዎቹ ነገሩን በሚገባው ፍጥነትና ጥንቃቄ ባለመያዛቸው ሰውዬው ከአንድ ዓመት በላይ ሥራውን ቀጥሏል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ብለን ስንጠይቅ ከላይ የዘረዘርናቸው አራቱ ጥያቄዎች ተመልሰው ይመጣሉ። ብሔራዊው ቡድን በቴክሳስ ጫካ ውስጥ በሚገኝ የከብት እርባታ ስፍራ ላይ በተሠራ ማሠልጠኛ ይሰበሰብ ነበር። ወላጆች ወደዚያ አይገቡም። ልጆቹ እንዳይወፍሩ ስለሚፈሩ በልክ ይበላሉ። ሕመማቸውን ቢናገሩ ከቡድኑ እንዳይቀሩ ይፈራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፈገግታ ያለው፣ «አይዞሽ» የሚል፣ ከረሜላ በድብቅ የሚሰጥ ሰው አለ፤ ያ ሰው ሐኪሙ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ስለ ከረሜላው መስክረዋል። እንግዲህ አስተውሉ፦ ልጅን ማስራብ፣ ልጅን ከወላጅ መለየት፣ ልጅ ሕመሟን እንድትውጥ ማስተማር፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው ለሜዳሊያ ሲባል የተደረጉ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለክፉ ሰው በሩን ከፍተው ጠበቁት። እርሱ በሩን መስበር አላስፈለገውም።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ወርቁ የተገዛው በዝምታ ነበረ።

፭. የተውኔቱ ጉድለት

ስለ ተውኔቱ መልካሙን ብቻ ብናገር ጥናት ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ጉድለቱ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ተዋንያኑ ከሚጫወቷቸው ልጆች በዕድሜ የበለጡ ናቸው፤ ከባዱን የጂምናስቲክ ሥራም የሠሩላቸው እውነተኛ ጂምናስቶች ናቸው። ይህ በቴሌቪዥን የተለመደ ቢሆንም አንድ ጉዳት አለው። ተመልካቹ የሚያየው የአዋቂ ፊት ስለ ሆነ ነገሩ በልጅ ላይ እየተደረገ መሆኑን ይረሳል።

ሁለተኛ፣ የፍቅር ነገር በዝቶበታል። በማሠልጠኛው ውስጥ ወንድ ጓደኛ መያዝ ክልክል ነው የሚል ደንብ አለ፤ ታሪኩም በየጊዜው ደንቡ እንዴት እንደ ተጣሰ ሲተርክ ጊዜውን ይጨርሳል። ከሥልጠናው ይልቅ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለው ወሬ የሚበልጥባቸው ክፍሎች አሉ።

ሦስተኛ፣ የፔይሰን ጀርባ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ እንደ ገና ለኦሎምፒክ እንድትበቃ አድርጎ ማሳየቱ ለተመልካች ደስ ቢያሰኝም የውሸት ተስፋ ይሰጣል። ሙኪና አልተነሣችም። ተውኔቱ የመሰበርን ነገር በርእሱ ላይ ጽፎ፣ የተሰበረችውን ልጅ ግን ተሰብራ እንድትቀር ለማሳየት ልብ አጣ።

አራተኛውና ዋናው፣ ደኅና አሠልጣኝ ከተገኘ ሁሉ ነገር ይስተካከላል የሚል እምነት አለው። ሳሻ ጨዋ ነው፤ ለልጆቹ ያስባል፤ እርሱ ሲመጣ ዐለቱ ይጠነክራል፤ ሲሄድ ይፈርሳል። ነገር ግን የልጅ ደኅንነት በአንድ ሰው ጨዋነት ላይ ከተመሠረተ፣ ጨዋ ያልሆነው ሰው በመጣ ቀን ምን ይሆናል? ለዚህ የሚያስፈልገው መልካም ሰው ብቻ ሳይሆን መልካም ደንብ ነው፤ አቤቱታን የሚሰማ ከማሠልጠኛው ውጭ የቆመ ሰው፣ ለወላጅ የማይዘጋ በር፣ «ዕረፊ» ሲል ቃሉ የማይሻር ሐኪም። የአሜሪካ ምክር ቤትም ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ በደል መድረሱን የሰማ የስፖርት ሠራተኛ ሁሉ ለሕግ እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በ2018 ነው።

፮. ማጠቃለያ

ጁላይ 27 ቀን 2021 በቶኪዮ ሲሞን ባይልስ በቡድኑ ፍጻሜ አንድ ዝላይ ከዘለለች በኋላ በአየር ላይ ሳለች ያለችበት ቦታ እንደ ጠፋባት ተረድታ ከውድድሩ ወጣች። ብዙዎች ወቀሷት፤ ብዙዎችም አመሰገኗት። እኔ ግን ይህን ተውኔት ካየሁ በኋላ የማስበው ስለ ፔይሰን ነው። ባይልስ ያደረገችው ፔይሰን ማድረግ ያልቻለችውን፣ ስትራግንም ማንም ያልመከራትን፣ ሙኪናም ያልተፈቀደላትን ነገር ነው። ያደረገችውም ሁለት ፊደል ያለውን አጭር ቃል መናገር ነው፦ «በቃ»። ያን ቀን የልጅቱ ጀርባ የልጅቱ ሆነ።

ነገር ግን ባይልስ በዚያን ጊዜ 24 ዓመት የሞላት፣ በዓለም ሁሉ የታወቀች፣ አራት የኦሎምፒክ ወርቅ የያዘች ሴት ነበረች። የዐሥር ዓመት ልጅ «በቃ» ብትል የሚሰማት ማን ነው? ይህን ለአንባቢ የማቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ግቢ ከምንማር መካከል ነገ አሠልጣኝ የሚሆን አለ፤ ሐኪም የሚሆን አለ፤ የሕግ ሰው የሚሆን አለ፤ ጋዜጠኛ የሚሆን አለ። ካነበባችሁት ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሙያዎች ሁሉ አሉ። አሠልጣኙ እያየ አላየም፤ ሐኪሙ ሙያውን መሸፈኛ አደረገው፤ መርማሪው ፋይሉን አስቀመጠው። በሌላ በኩል ደግሞ ጋዜጠኞቹ ጠየቁ፤ ሕግ የተማረችው ሴት ጻፈች፤ ዳኛዋም ተናጋሪዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻይቱ ድረስ አዳመጠች። ሙያው ያው ነው፤ የሚለየው የሰማና ያልሰማ ነው።

ተውኔቱ ዕድሜው አጠረ። ጆርዳን ራንዳል ምስጢሯን ለጓደኛዋ የነገረችበት ያ ክፍል ግን፣ ጊዜ ያላችሁ ፈልጋችሁ ብታዩት ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ስታዩም ተናጋሪዋን ብቻ አትመልከቱ። የምትሰማዋን ልጅ ፊት ተመልከቱ፤ አንድ ቀን የእርሷ ቦታ የእናንተ ይሆናልና።